የቅመሙ ጥላ፤ የቢራቢሮው ጓሮ

በቆቦ ገበያ ኮረሪማ ስትገዙ ያ ቡናማ ፍሬ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ለበርበሬውና ለሚጥሚጣው፣ ለቅቤው ማንጠሪያም የምንሻው ይህ ቅመም የራያ ሜዳ ተክል አይደለም። የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ኮረሪማውም ጥላውን ያጣል። ጥምዝም እንዲሁ የደን ተክል ነው።

እንግዲህ ቅመሙ ገበያ እስካገኘ ድረስ፣ በደኑ ዳር የሚኖረው ገበሬ ዛፉን ከመመንጠር ይልቅ ጠብቆ ማቆየቱ ይጠቅመዋል። እናንተም ለኮረሪማ የምታወጡት ገንዘብ በዚህ ረገድ ደኑን ይደግፋል። ከእነዚህ ደኖች ካፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ተብለው ተመዝግበዋል።

በዓመት ፈቃዱ ወደዚያ አገር የሚሄድ ቤተሰብ፣ አስቀድሞ ጠይቆ በቅመማ ቅመም ሥራው የታወቀውን የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል ቢጎበኝ መልካም ነው። በዛፍ ግንድ ላይ የሚጠመጠመውን ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብሉንና እርዱን በማሳው ያየ ልጅ፣ ቅመም በሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደማይበቅል ይረዳል።

ቴፒ ከቆቦ እጅግ ሩቅ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ከትምህርቱ ከፊሉን በጓሮአችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንድ የሎሚ ችግኝ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ድንብላል ትከሉ። አትክልት ያጠባችሁበትን ውኃ ሳትደፉ ለእነርሱ አጠጡ። ድንብላሉና በሶብላው ሲያብቡ ንቦችና ቢራቢሮዎች ይመጣሉ።

በሎሚው ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትንሽ ትል ብታዩ ለመግደል አትቸኩሉ። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቆይቶም ጥቁርና ቢጫ ክንፍ ያለው ትልቅ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ቅጠል ቢበላ ዛፉ ይችለዋል። ችግኙ ገና ለጋ ከሆነ ግን ትሉን አንስታችሁ ወደ ትልቅ ዛፍ ብታዛውሩት ይበቃል። በሜዳው ላይ ማንም የማይፈልገው ጦቢያውም ብርቱካንማ ቀለም ላለው ሌላ ቢራቢሮ የልጆቹ ምግብ ነው። ልጆቻችሁ ይህን በየቀኑ ቢከታተሉ አንዱ ፍጥረት ያለሌላው እንደማይኖር ያለ አስተማሪ ይማራሉ።

ነገሩ ከጓሮ ያልፋል። የቆቦ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ተራራው በዛፍና በቁጥቋጦ ሲሸፈን ውኃው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሲራቆት ግን አሸዋና ድንጋይ እየገፋ ማሳውን ያበላሻል። ስለዚህ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የምትጠቀም እናት ማገዶዋን ብቻ አይደለም የምትቆጥብ፤ የልጆቿን እንጀራም ትጠብቃለች።

በመጨረሻም ኮረሪማ ስትገዙ የተፈጨውን ሳይሆን ያልተሰነጠቀውን ሙሉ ፍሬ ምረጡ። መዓዛው አይጠፋም፤ ባዕድ ነገርም አይቀላቀልበትም። ፍሬውን ፈልቅቃችሁ የምትወቅጡት ለወጡ ወይም ለቅቤው በምትፈልጉበት ሰዓት ይሁን። በዚያን ጊዜም ከየትኛው ደን እንደመጣ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።