ታካሚው በየትኛው በር ይገባል?

የውጭ አገር ባለሙያዎች ክፍላችንን ሊጎበኙ ሲመጡ ጨዋታው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፦ «እናንተ ጋ ፊዚዮቴራፒ ስንት ዓመት ይፈጃል?» በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሌላ ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚያስመርቁት በዶክትሬት ነው። በእንግሊዝ የሦስት ዓመት ዲግሪ ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ 1,000 ሰዓት ያህሉ ከታካሚ ጋር የሚያልፍ ነው። ጀርመን ውስጥ አብዛኛው ባለሙያ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ሳይረግጥ በሙያ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ይማራል። ሕጉ የሚጠይቀው 2,900 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 1,600 ሰዓት የታካሚ ሥራ ነው።

በሰዓቱ ከሄድን ዲግሪ የሌለው ጀርመናዊ ባለ ዲግሪውን እንግሊዛዊ በለጠ ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ ቆጠራ አላምንም። ትልቁ ልዩነት ታካሚው በየት በኩል እንደሚመጣ ነው። ጀርመን ውስጥ በአብዛኛው የሐኪም ማዘዣ ይዞ ይመጣል፤ የሕክምናው ብዛት ጭምር ተጽፎለታል። አውስትራሊያ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ወረቀት በቀጥታ መምጣት ይችላል። እንግዲህ እዚያ የሚማር ልጅ ወገቡን የሚያመው ሰው ፊቱ ሲቀመጥ የጡንቻ ይሁን የነቀርሳ ሌላ ማንም አልለየለትም። ትምህርቱ የሚጠነክረው በዚህ በኩል ነው። የአሜሪካኖቹ ዶክትሬትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። (ሌላው የማዕረግ ፉክክር ይመስለኛል፤ ዕዳው የሚቀረው ለተማሪው ነው።)

የእኛ ታካሚስ? አጥንቱ የተሰበረ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። የታሸው፣ በቀርከሃ የታሰረው ክንድ እኛ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ማሰሪያው ከጠበቀና ደም ካጣ ጣቶቹ ተኮራምተው ይመጣሉ። ከውጭ ያስመጣናቸው መጻሕፍት ስለዚህ ታካሚ የሚሉት የለም። ስለ ጉልበትም ቢሆን ወንበር ላይ ለመቀመጥ 90 ዲግሪ መታጠፍ ይበቃል ብለው ነው የሚነሱት፤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ቡና ለምታፈላ፣ ቤተ ክርስቲያን ለምትሰግድ፣ መስጊድ ለምትንበረከክ ሴት ግን ያ ገና ግማሽ መንገድ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ «በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት» የሚለው ነው። ስትሮክ የመታቸውን ባለቤታቸውን ከገጠር በኮንትራት መኪና ያመጡ አንዲት እናት፣ ቀጠሮ ልጽፍላቸው ስል፣ «ልጄ፣ ያለህን ሁሉ ዛሬ አሳየን፤ ተመልሰን መምጣታችንን እንጃ» አሉኝ። ያን ቀን መሣሪያዎቹን ትቼ ከሴት ልጃቸው ጋር ተቀመጥኩ፤ አባቷን አልጋ ላይ እንዴት እንደምታገላብጥ፣ የላላውን ክንድ ሳትጎትት እንዴት እንደምታስነሳቸው አስደጋገምኳት። ለእሷ የሰጠሁት ሰዓት ከሕክምናው ሁሉ የበለጠ ዋጋ እንደነበረው አልጠራጠርም፤ ሰውን ማስተማር ግን ተምሬ ሳልሆን እየሠራሁ የለመድኩት ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ኦኩፔሽናል ቴራፒን ማስተማር መጀመሩ ደስ ያሰኘኝም ለዚህ ነው፤ ሙያው ከቤትና ከኑሮ ስለሚነሳ። የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎቻችን ግን የተግባር ልምምዳቸው በአብዛኛው ትልልቅ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን የመከለስ ዕድል ባገኝ ከዚያ ላይ አንድ ወር ቀንሼ ልምምድ ማድረጊያ ብረት እንኳ ወደሌለው ጤና ጣቢያ እልካቸው ነበር። የመጨረሻው ፈተናም ላይ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ ታካሚው አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው፤ አብራው የመጣችው ልጁ ማንበብ አትችልም፤ ሠላሳ ደቂቃ አለህ።