እጅ የሚያርፍበት መፋቂያ

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድና አቀስታን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ቦረና ገብቶ መካነ ሰላም በገበያ ቀን ማለዳ የደረሰ እንደ ሆነ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ከአፉ ጥግ ቀጭን እንጨት ነክሶ እየፋቀም እያወጋም የሚመጣ ገበያተኛ ማየቱ አይቀርም። ያ እንጨት መፋቂያ ነው፤ ዛሬ ላስተዋውቀው የተነሣሁት የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽም መልኩ እጅግ ቢለይ ግብሩ የዚሁ የመፋቂያ ግብር ነውና፣ ነገሩን ከነባሩ ልጀምር።

መፋቂያ ከወይራ፣ ከክትክታ ወይም ከልምጭ ይቆረጣል። የጫፉ ቅርፊት ተልጦ ሲታኘክ ቃጫው ይፈታና እንደ ጭራ ይበተናል፤ ጥርሱን የሚጠርገው ይኸው ነው። ክርስቲያኑ ከልማደ አበው ተቀብሎ፣ ሙስሊሙም ከሶላት በፊት አፍን ማንጻት ሱና ነው ብሎ ይዞታልና፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቀዬ በሚኖሩበት በዚህ ደጋ መፋቂያ የማንም ብቻ አይደለም። ድዷን የተነቀሰች ሴትም የጥርሷን ንጣት የምታደምቀው በድዷ ጥቁረት ብቻ ሳይሆን ማለዳ ማለዳ በምትፍቅበት እንጨት ጭምር ነው። ነገር ግን ቃጫው ከእንጨቱ ጋር በአንድ መሥመር የወጣ እንጂ እንደ ብሩሽ ወደ ጎን የዞረ ስላልሆነ፣ የፊት ጥርስን ሲያነጻ የመንጋጋውን ጀርባና የጥርስን ውስጠኛ ገጽ ለመድረስ ይቸገራል፤ ድንጋይ የሚመስለው እድፍ ደግሞ ከታችኛው የፊት ጥርስ በስተ ውስጥ መከማቸት ይወዳል።

የናይለን ጠጉር ያለው የእጅ ብሩሽ ለገበያ የቀረበው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ሲሆን፣ ፊሊፕ ጊ ዎግ የተባለ ሰው ብሮክሶደንት የተሰኘውን የኤሌክትሪክ ብሩሽ በስዊዘርላንድ የሠራው በ1954 ነው፤ ያሰበውም አስቀድሞ እጃቸውን እንደ ልብ ማዘዝ ለማይችሉ ሕሙማን ነበር። ዛሬ በእጀታው ሆድ ውስጥ ትንሽ ሞተርና ባትሪ አለ፤ በአንደኛው ዓይነት ክቡ ራስ ወዲያና ወዲህ ይሽከረከራል፣ በሌላው ረዘም ያለው ራስ እጅግ በፈጠነ ንዝረት ይርገበገባል። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ አሞላሉ ነው፤ ውኃ የሚነካው ዕቃ የተራቆተ ብረት ሊኖረው አይገባምና፣ በመቆሚያው ውስጥ ያለው የሽቦ ጥምጥም በእጀታው ውስጥ ላለው ጥምጥም ኃይሉን በማግኔት አማካይነት ያቀብለዋል እንጂ ብረት ከብረት አይገናኝም።

ከመፋቂያ ወደዚህ ለሚሻገር ሰው አዲስ ትምህርት የሚሆንበት መፋቅን መተው ነው። ክንዱ ከልጅነት ጀምሮ ሲገፋና ሲስብ የኖረ እንደ መሆኑ መጠን፣ ማሽኑን ይዞም ይገፋል፣ ይስባል፤ ድዱንም ያቆስላል። ሥራው የሞተሩ ሆኖ ሳለ የእጅ ድርሻ የብሩሹን ራስ ከጥርስና ከድድ መጋጠሚያ አስጠግቶ፣ ሳይጫኑ፣ ከአንዱ ጥርስ ወደ ቀጣዩ በዝግታ ማሻገር ብቻ ነው። ብዙዎቹ ብሩሾች ሁለት ደቂቃ ይቆጥራሉ፣ በየ30 ሰከንዱም ቆም ብለው ወደ ሌላው የአፍ ሩብ እለፍ ይላሉ። ከቤቱ እስከ ገበያ ሲፍቅ ለሚመጣ ሰው ሁለት ደቂቃ ከምንም አይቆጠርም፤ ነገር ግን ያ ረጅም መንገድ በሙሉ ያለቀው በፊት ጥርሱ ላይ ነው!

ጥቅሙን ማጋነን አልወድም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት መርማሪዎች ኅብረት በ2014 ብዙ ጥናቶችን አመሳክሮ፣ ከሦስት ወር በላይ በኤሌክትሪክ ብሩሽ የተጠቀሙ ሰዎች ከእጅ ብሩሽ ተጠቃሚዎች ይልቅ የጥርስ እድፋቸው 21 በመቶ፣ የድድ ብግነታቸው 11 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አስታውቋል፤ ንጽጽሩ ከእጅ ብሩሽ ጋር እንጂ ከወይራ ጋር አልነበረም። ጥርስን ከመበስበስ የሚጠብቀው ፍሎራይድም ከጥርስ ሳሙናው እንጂ ከማሽኑ አይመጣም።

መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር ደግሞ አንድ ጊዜ የሞላ ጥሩ ባትሪ እስከ ሁለት ሳምንት መዝለቁ ደግ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን ግን ሳያነቡ መሰካት አይገባም፤ የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነውና፣ ከመቆሚያው ሥር 100–240 የሚል ካልተጻፈበት ይቃጠላል። የብሩሹ ራስ በየሦስት ወሩ ስለሚለወጥም፣ እጀታውን የሚገዛ ሰው መለወጫው በመካነ ሰላም ወይም በደሴ መገኘቱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የወይራው ቃጫ ሲያልቅ በካራ ተቆርጦ እንደ ገና ይታኘካል።