ነፋስ ስለሌለበት የብስክሌት ጎማ

በ2016 ዓመተ ምሕረት በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ከተበጀ ወዲህ፥ በአራዳ በብስክሌት ወደ ሥራ መሄድ የሚታሰብ ነገር ሆኗል። ነገር ግን ብስክሌተኛውን ከሥራው የምታስቀረው አንዲት ምስማር ናት። ማለዳ በቸርችል ጎዳና የሚወርድ ሠራተኛ ጎማው ቢተነፍስበት ጎሚስታ ፍለጋ ብስክሌቱን እየገፋ ይዞራል፤ የቢሮው ሰዓት ግን አይጠብቀውም።

ስለዚህ ከመነዳሪ የማይሻ፥ ምስማር ቢወጋውም የማይተነፍስ ጎማ መኖሩን የሰማ ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገሩ ግን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። አስቀድሞ የብስክሌት ጎማ ድፍን ነበር፤ በቤልፋስት የነበረው የከብት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 ዓመት በነፋስ የሚሞላውን ጎማ በስሙ ያስመዘገበው፥ የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድፍን ጎማ መንገጫገጩን አይቶ መላ ሲፈልግ ነው። የዛሬው ድፍን ጎማ በውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ተደርጎ ከሚለጠጥ ነገር ስለሚሠራ ከጥንቱ ይለሰልሳል፤ ሆኖም የተነፋውን አያህልም። ይከብዳል፥ ጉልበትም ይበላል፤ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ የሚወጣ ሰው ይህን በጭኑ ያውቀዋል። በኮብልስቶን መንገድም እጅንና ወገብን ያደክማል።

ለእኛ እንደሚመስለን፥ ክብደቱ በብዛት የሚያርፍበትና ለመፍታትም የሚያስቸግረው የኋላው ስለሆነ፥ ድፍኑን ከኋላ፥ የተነፋውን ከፊት ማድረግ ይበቃል። ደብዳቤ ለማድረስ ቀኑን ሙሉ የሚዞር መልእክተኛ ግን ሁለቱንም ድፍን ቢያደርግ አንነቅፈውም። ገዢውም የቸርኬውን ቁጥር ከነስፋቱ ለክቶ ይሂድ፤ ልኩ ያልሆነ ድፍን ጎማ ሲያስገቡት እጅግ ያታግላል።