ግማሽ ዲግሪ ብቻ? ቤቶችን ጋቢ ያለበሰ መንግሥት

ጋቢ ስትለብሱ የሚያሞቃችሁ ጋቢው ይመስላችኋል? ጋቢ ምድጃ አይደለም፤ ሙቀት አያመነጭም። ሙቀቱ የሚመጣው ከራሳችሁ ገላ ነው። የጋቢው ሥራ በጥጡ መሃል አየር አስሮ መያዝ ነው፤ ባለበት የቆመ አየር ሙቀትን የሚያሳልፈው በጣም በዝግታ ስለሆነ ሙቀታችሁ ቶሎ አያመልጥም። ጋቢው ከረጠበ ግን አየሩ ቦታውን ለውኃ ይለቃል፤ ያኔ ብትለብሱትም ይበርዳችኋል።

ቤትም ጋቢ ይለብሳል። ኢንሱሌሽን ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከቀጭን የመስታወት ክር የተሠራ ጥጥ መሳይ ነገር ሆኖ ከኮርኒሱ በላይ ይነጠፋል። ታዲያ መንግሥት ለሰው ቤት ጋቢ መግዛት አለበት እንዴ? ይህን ጥያቄ በሙከራ የፈተነች አንዲት አገር አለች፤ ኒውዚላንድ።

ኒውዚላንድ ሀብታም ናት፤ ቤቶቿ ግን በብርዳቸው የታወቁ ናቸው። ብዙዎቹ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ ጣሪያቸውም ቆርቆሮ ነው (አዎ፣ የኛው ዓይነት ቆርቆሮ)። አዲስ ቤት ኢንሱሌሽን እንዲኖረው በሕግ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ያለ ጋቢ ቀሩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

የኦታጎ ዩኒቨርሲቲዋ ፊሊፓ ሃውደን-ቻፕማንና ባልደረቦቿ ኢንሱሌሽን የሌላቸውን 1,350 ቤቶች መረጡ። ቤቶቹ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰባት አካባቢዎች የሚገኙ ሲሆን በእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ የመተንፈሻ ሕመም ምልክት ያለበት ሰው ነበር። ከዚያ ዕጣ ወጣ። ግማሾቹ ቤቶች ኢንሱሌሽን ወዲያው ተሠራላቸው፣ የቀሩት ጥናቱ ሲያልቅ። በዚህ መንገድ ሁሉም አገኘ፤ ተመራማሪዎቹም የሚያወዳድሩት ነገር አላጡም። የዚያ አገር የብርድ ወራት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ልክ ከኛ ክረምት ጋር ይገጥማል።

ውጤቱ በ2007 ታተመ። የመኝታ ክፍሎቹ ሙቀት በአማካይ የጨመረው ስንት መሰላችሁ? ግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ። በቃ! እዚህ ላይ ብታቆሙ ገንዘቡ ባከነ ትላላችሁ። ነገር ግን ኢንሱሌሽን ያላቸው ቤቶች የተጠቀሙት ኃይል ካልተሠራላቸው በ19 በመቶ ያነሰ ነበር። ማለትም በትንሽ ወጪ ትንሽ ሞቁ። ደግሞም አማካይ ቁጥር ክፉዎቹን ሰዓቶች ይደብቃል፤ መኝታ ክፍሉ ከ10 ዲግሪ በታች የሚሆንበት ጊዜ በቀን በ1.7 ሰዓት አጠረ። እርጥበቱም ቀነሰ። ይሄኛው ቀላል ነገር አይደለም፤ እርጥበት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ሻጋታ ይበቅላል፣ ሻጋታ ደግሞ አስም ያለበትን ልጅ ያስጨንቃል።

ልጆች ከትምህርት ቤት የመቅረታቸው ዕድል በግማሽ ያህል ወረደ። ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስም ቀነሰ፣ አዋቂዎችም ከሥራ የሚቀሩት አነስ አለ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ይህን የተናገሩት ቤተሰቦቹ ራሳቸው ናቸው፤ ቤታቸው እንደተሠራ ደግሞ ያውቃሉ። ደስ ያለው ሰው «ተሽሎኛል» ማለቱ አይቀርም። በሳንባ ሕመም ሆስፒታል የሚተኙት ሰዎችም ቀንሰው ነበር፤ ነገር ግን ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ተመራማሪዎቹ አልተመኩበትም። እኔ ጥናቱን ይበልጥ ያመንኩት እንዲያውም በዚህ ነው።

በ2009 መንግሥት ከ2000 በፊት ለተሠሩ ቤቶች የኢንሱሌሽኑን ወጪ አንድ ሦስተኛ መሸፈን ጀመረ፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው 60 በመቶውን። በኋላ ሂሳቡ ሲሠራ ለወጣው እያንዳንዱ 1 ዶላር ወደ 4 ዶላር የሚጠጋ ጥቅም ተገኝቷል ተባለ። ሁላችንም የምንገምተው የመብራት ሂሳብ ሲቀንስ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ የመጣው ከጤና ነው።

ድጎማው ያልፈታው አንድ ችግር ነበር፤ የኪራይ ቤት። ከፋዩ አከራዩ፣ የሚሞቀው ተከራዩ! አከራይ ለምን ብሎ ይቸኩል? ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ መሥራት እስከተቻለ ድረስ ማንኛውም የኪራይ ቤት ከኮርኒሱ በላይና ከወለሉ በታች ኢንሱሌሽን ሊኖረው ግድ ሆነ። ግድግዳ ግን አልተካተተም፤ እሱን ለማልበስ ቤቱን መገንጠል ይጠይቃልና።