ሪዮኻ፦ በእንጨት ውስጥ የሚያድግ ወይን

በሰሜን ስፔን፣ በኤብሮ ወንዝ ሸለቆ፣ አሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ከሚገኙት አሮጌ የወይን ጠጅ ምድር ቤቶች ወደ አንዱ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያ የሚቀበለው የወይን ሽታ ብቻ አይደለም። ከእርጥብ እንጨት ሽታ ጋር የቫኒላ፣ ጥቂትም የቅርንፉድ መዓዛ ያውደዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት ቅርንፉድ የጨመረ የለም፤ ቫኒላም እንዲሁ። ታዲያ ይህ መዓዛ ከየት መጣ? መልሱ በረድፍ ከተደረደሩት በርሜሎች ጣውላ ውስጥ ይገኛል።

አካባቢው ሪዮኻ ይባላል። በሰሜን በኩል የካንታብሪያ ተራሮች ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣውን ቀዝቃዛና ዝናብ አዘል ነፋስ ይከላከሉለታል፤ በደቡብ ደግሞ የዴማንዳ ተራሮች ይቆማሉ። በሁለቱ መካከል ከ60 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆን የወይን እርሻ ተንጣሎ ይገኛል። በምዕራብ ያሉት ሪዮኻ አልታና ሪዮኻ አላቤሳ ቀዝቀዝ ያሉ ሲሆኑ፣ ምሥራቃዊው ሪዮኻ ኦሪየንታል የሜዲትራኒያን ሙቀት የሚደርሰው ደረቅ ምድር ነው።

የአካባቢው ዋነኛ ዝርያ ቴምፕራኒዮ የተባለው ጥቁር ወይን ነው። ስሙ «ቀደም ያለ» የሚል ትርጉም ካለው የስፔን ቃል የወጣ ሲሆን፣ ይኸውም ከብዙዎቹ ዝርያዎች ቀድሞ ስለሚበስል ነው። የዘር ውርስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ታውቋል፦ አንደኛው አልቢዮ ማዮር የተባለ ነጭ ወይን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቤኔዲክቶ የተባለ ዛሬ ከስንት አንዴ የሚገኝ ዝርያ ነው። ዓለም የሚያውቀው ልጅ፣ ማንም የማያውቃቸው ወላጆች!

ወይንን በትንንሽ የኦክ በርሜል አቆይቶ ማሳደግ በሪዮኻ የተፈለሰፈ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1852 ሉሲያኖ ሙሪዬታ በፈረንሳይ ቦርዶ የተማረውን ዘዴ ወደዚህ አመጣ። ዘዴው እንዲስፋፋ ያደረገው ግን ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነፍሳት ነው። ፊሎክሴራ የተባለው ይህ ተባይ በ1860ዎቹ ከሰሜን አሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ገብቶ የወይን ተክሎችን ሥር እየመጠጠ ሰፊ እርሻዎችን አጠፋ። ወይን ያጡት የቦርዶ ነጋዴዎች የፒሬኔ ተራሮችን ተሻግረው ወደ ሪዮኻ መጡ። የባቡር ሐዲድ በደረሰላት በአሮ፣ በጣቢያው ዙሪያ የወይን ጠጅ ቤቶች ተሠሩ፤ ከእነርሱም መካከል እ.ኤ.አ. በ1877 የተመሠረተው ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ እስከ ዛሬ በርሜሎቹን በራሱ አናጢዎች ያሠራል። በ1899 ተባዩ ራሱ ሪዮኻ ደረሰ። መድኃኒቱም የተገኘው ተባዩ ከመጣበት አገር ነበር፤ የአሜሪካ ወይን ሥር ተባዩን ስለሚቋቋም፣ የአውሮፓውን ወይን ቅርንጫፍ በዚያ ሥር ላይ አጣብቆ ማብቀል ተቻለ። ዛሬም አብዛኛው የሪዮኻ ወይን በባዕድ ሥር ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ በርሜሉ እንመለስ። የኦክ ጣውላ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ ሆዱ ገፋ ያለ በርሜል የሚሆነው በእሳት ነው። በርሜል ሠሪው ጣውላዎቹን በብረት ቀለበት አስሮ መካከላቸው እሳት ያነድዳል፤ እንጨቱ ሲሞቅ ይለዝባል፣ ይታጠፋል። በዚሁ ጊዜ የበርሜሉ የውስጥ ገጽ ይጠበሳል። ለእንጨት ጥንካሬ የሚሰጠው ሊግኒን የተባለው ግዙፍ ሞለኪውል በሙቀቱ ይሰባበርና ከስብርባሪዎቹ አንዱ ቫኒሊን ይሆናል፤ ይህም የቫኒላን መዓዛ የሚሰጠው ያው ውሕድ ነው። ሌላው ጓያኮል ሲሆን የጭስ ሽታ አለው። በአገራችን የጠላ ጋን በወይራ ጭስ የምታጥን እናት የምትፈልገው መዓዛ ከዚሁ የእንጨት ሊግኒን መቃጠል ከሚወለዱት ውሕዶች ወገን ነው። የቅርንፉዱ መዓዛ ኢውጂኖል ከተባለው ውሕድ የሚመጣ ሲሆን፣ በሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድም መዓዛውን የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ሪዮኻ ከጥንት ጀምሮ የሚያዘወትረው የአሜሪካ ነጭ ኦክ ደግሞ ላክቶን የተባሉ ውሕዶች ስለሚበዙበት የኮኮናት ጣዕም ያክላል።

የአሜሪካው ኦክ የተመረጠው ግን ለመዓዛው ብቻ አይደለም። የዚህ ዛፍ ውኃ አመላላሽ ቧንቧዎች በተፈጥሮ በደንብ የተወተፉ ስለሆኑ በመጋዝ ቢሰነጠቅ እንኳ አያፈስም። የፈረንሳዩ ኦክ እንዲህ አይደለም፤ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ መፈለጥ አለበት፤ ስለዚህም ብዙ እንጨት ይባክናል፣ ዋጋውም ይንራል።

ከመዓዛው ይልቅ ጥልቅ የሆነው ሥራ የሚከናወነው በአየር ነው። በጣውላውና በመገጣጠሚያዎቹ በኩል፣ ይልቁንም ወይኑ ከአተላው ተለይቶ ከበርሜል ወደ በርሜል ሲገለበጥ፣ ጥቂት ኦክስጅን ይገባል። ይህ ኦክስጅን ከአልኮሉ ጥቂቱን ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጠዋል፤ እርሱም በወይኑ ቀይ ቀለም (አንቶሲያኒን) እና አፍን በሚያደርቀው ታኒን መካከል እንደ ድልድይ ሆኖ ያያይዛቸዋል። በዚህ ምክንያት ቀለሙ ይጸናል፣ ኮምጣጣና ጎምዛዛ የነበረውም ይለዝባል። ያው ኦክስጅን ሲበዛ ግን የአሴቶባክተር ባክቴሪያዎች ይራቡና ወይኑን ኮምጣጤ ያደርጉታል። በርሜሉ ምንጊዜም እስከ አፉ የሚሞላው ስለዚህ ነው፤ በትነት በየዓመቱ ጥቂት በመቶ ይጎድላልና። ምድር ቤቱ ደረቅ ከሆነ ውኃው ስለሚቀድም አልኮሉ ይጠነክራል፤ እርጥብ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው አልኮሉ ይቀንሳል።

የበርሜሉ መጠን 225 ሊትር መሆኑም የሒሳብ ጉዳይ ነው። የአንድ ዕቃ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም በእጥፍ ቢያድግ ይዘቱ ስምንት እጥፍ፣ የገጹ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በትልቅ ጋን ውስጥ ለአንድ ሊትር ወይን የሚደርሰው እንጨት ትንሽ ነው። አሮጌ በርሜልም መዓዛውን ቀደም ብሎ ጨርሶ አየር ማሳለፉን ብቻ ይቀጥላል፤ አንዳንድ ወይን ሠሪዎች የሚመርጡት ይህንኑ ነው። በእኔ አስተያየት ልክ ናቸው፤ ወይኑ የጣውላ ጭማቂ እስኪመስል ድረስ አዲስ ኦክ ማብዛት የእርሻውን ጣዕም ይሸፍናል።

በጠርሙሱ ላይ የሚታየው ደረጃ ይህንኑ ዕድሜ ይመሰክራል። ቀዩ ወይን «ክሪያንዛ» ለመባል ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ አንዱን በበርሜል ማሳለፍ አለበት፤ ቃሉ ራሱ «ማሳደግ» ማለት ነው። «ሬሴርባ» ሦስት፣ «ግራን ሬሴርባ» ቢያንስ አምስት ዓመት ይጠይቃል፤ ከአምስቱ ሁለቱ በኦክ ውስጥ ናቸው።

አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በወይን ልጣጭ ውስጥ ሬስቬራትሮል የተባለ ውሕድ መኖሩ «ቀይ ወይን ለልብ ይበጃል» የሚል ወሬ አስነሥቶ ነበር፤ ሆኖም በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለው መጠን በላቦራቶሪ ሙከራዎች ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ኢምንት ነው። በሌላ በኩል የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጦችን በሰው ላይ ካንሰር የሚያስከትሉ ሲል የመደባቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በርሜሉ አልኮሉን አያስወግደውም።

የሪዮኻ ገበሬዎችን ዛሬ የሚያሳስባቸው ግን የአየር ንብረቱ ነው። የቴምፕራኒዮ ቶሎ መብሰል በቀድሞው ቀዝቃዛ ዘመን ከበልግ ዝናብ የሚያስመልጥ በረከት ነበር። አሁን ሙቀቱ ሲጨምር ስኳሩ ቀድሞ ይከማቻል፤ ፍሬው በሞቃት ሌሊቶች ሲተነፍስ ማሊክ አሲዱን ያቃጥላል፤ የልጣጩና የዘሩ ታኒን ግን ገና ጥሬ ነው። እንዲህ ያለው ወይን አልኮሉ የበዛ፣ አሲዱ የሳሳ ስለሚሆን በበርሜልና በጠርሙስ ለረጅም ዓመታት የመቆየት አቅም ያጣል። ስለዚህ አንዳንዶች እርሻቸውን ወደ ዴማንዳ ተራሮች ግርጌ ከፍ እያደረጉ ነው፤ አያቶቻቸው እህል እንጂ ወይን አይበስልበትም ያሉት መሬት ነበር። ሌሎች ደግሞ ምርቱ አነስተኛ ነው ተብሎ ወደ ጎን የተተወውን ግራሲያኖን መልሰው ይተክላሉ፤ ዘግይቶ የሚበስል፣ አሲዱንም አጥብቆ የሚይዝ ዝርያ ነውና።

ዛሬ የሚተከል ወይን ደህና ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ፍሬው ግራን ሬሴርባ ይሁን ከተባለ ሌላ አምስት ዓመት ይጨመራል። ለበርሜሉ የሚቆረጠው ኦክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ይኸውም ያ ቁልቁለት ለወይን የማይሆን ብርድ ምድር በነበረበት ዘመን የበቀለ ዛፍ ነው።