መሬት ሳይሆን ሰው ፍለጋ

ጽሑፌን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። የአያታችሁን ስም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአያታችሁ እህትስ ማን ትባላለች? እኔ መድረሳም አስኳላም የገባሁ መምህር ነኝ። የአባቴ እህት መኖሯን ያወቅሁት ግን አባቴ ካረፈ በኋላ ነው።

አባቴ (አላህ ይዘንለትና) በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ ወለጋ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ነበር። መጀመሪያ አንገር ጉትን፣ ቆይቶም ኪራሙ ጎጆ ቀለሰ። ስለ ቀድሞ አገሩ ሲጠየቅ «ቃሉ» ይልና ዝም ይላል። ሲሞት የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፈትን። የጃንሆይ ዘመን የግብር ደረሰኝ፣ የገበሬ ማኅበር መታወቂያ፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና ሽፋኑ የተቀዳደደ አንድ የፊቅህ ኪታብ አገኘን።

ደረሰኙ በአያቴ ስም የተቆረጠ ነው። ቀኑ ደብዝዞ አይነበብም፤ ሆኖም «አስራት» የሚል ቃል አለበት። አስራት በ1960 ዓ.ም. ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር ስለተተካ፣ ወረቀቱ ከዚያ በፊት የተጻፈ መሆን አለበት። መሬቱ «ለም ጠፍ» ተብሎ ተመድቧል፤ ያኔ ግብር የሚጣለው ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ እየተባለ ነበር። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን የቀበሌው ስም ነው። «ቃሉ» ሰፊ አገር ነው፤ ደረሰኙ የአያቴን ደጅ አሳየኝ።

እዚህ ላይ እንደኔ ለምትፈልጉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጸሐፊ ስምን የሚጽፈው እንደሰማው ነው። እንድሪስና ኢድሪስ፣ ሙሄና ሙሐመድ፣ ይማምና ኢማም በተለያየ ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ሊሆኑ ይችላሉ። «ይሄ የኛ አይደለም» ብላችሁ አትቸኩሉ።

ደብተሩን ከደረሰኙ ጎን ሳስቀምጠው ሌላ ነገር ታየኝ። በኦሮሚያ የመሬት ሕግ ባልና ሚስት የጋራ ይዞታቸው በሁለቱም ስም ስለሚመዘገብ፣ ደብተሩ ላይ እናቴ ከአባቴ እኩል ሰፍራለች። ደረሰኙ ላይ ግን አንዲት ሴት የለችም። የግብር ወረቀት የሚያውቀው ከፋዩን ብቻ ነው፤ ሚስቱን፣ ሴት ልጁን፣ እህቱን አያውቅም። ሴቶቻችንን ለማግኘት የውርስ ፋይል ይሻላል። ሚራስ ሲከፋፈል ሴቷም ድርሻ ስላላት በስሟ ትጻፋለች። በሶሪያና በፍልስጤም የኦቶማን ዘመን የቃዲ መዝገቦች ዛሬ የቤተሰብ ታሪክ ለሚያጠኑ ትልቅ ምንጭ የሆኑት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የኛ ቤተሰብ ግን ቃዲ ዘንድ የሚያደርስ ሀብት አልነበረውም።

ምስጢሩን የፈታው ኪታቡ ነው። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ አያቴ በዓጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብ ፊደል፣ ሁለት መስመር ጽፈዋል። ታችኛው የአባቴ ልደት ነው፤ 1384 ሒጅራ ይላል። ወደኛ አቆጣጠር ስመልሰው 1956 መጨረሻ ወይም 1957 ይሆናል፤ መታወቂያው ላይ ግን 1960 ተብሏል! ላይኛው መስመር የሴት ልጅ ልደት ነው፤ 1379። እናቴን ጠየቅኋት። «በዚያ ክፉ ጊዜ ጠፋች ያላት እህት ነበረችው፤ ስሟን ሲያነሳ ስለሚያለቅስ አልጠይቀውም» አለችኝ።

በ2010 ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በነቀምት፣ በአዲስ አበባ አድርጌ ኮምቦልቻ ገባሁ፤ ከዚያ ወደ ቀበሌው። ደረሰኙን ሳወጣ የሰዉ ፊት ተለወጠ። እውነታቸውን ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ለሕዝብ ከታወጀ ወዲህ ማሳው ስንት እጅ ተላልፏል፤ የጃንሆይን ወረቀት ይዞ የመጣ እንግዳ ምን ይፈልጋል ይባላል? አንድ አዛውንት «ልጄ፣ መሬት ልትጠይቅ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። «የለም አባባ፣ ሰው ልጠይቅ ነው» አልኳቸው። ወረቀቱን ወዲያው አጥፌ ኪስ ከተትኩት። ሁለተኛ ሰው ፊት አላወጣሁትም፤ እናንተም ከማውጣታችሁ በፊት አስቡበት።

አዛውንቱ ወደ አንድ ሸህ ላኩኝ። ሸሁ በእጅ የተጻፈ መናቂብ፣ የአካባቢው ዓሊም የሕይወት ታሪክ አላቸው። በውስጡ ዓሊሙ የት እንደቀሩ፣ ማንን እንዳቀሩ ተዘርዝሯል። ቃሉ የዒልም አገር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐጂ ቡሽራ ያቋቋሙት ገታም እዚያው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ (ረሒመሁላህ) እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመውን የወሎ እስልምና ታሪካቸውን ሲጽፉ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችንና የሽማግሌ ቃል ተጠቅመዋል። ከደረሳዎቹ ስም መካከል የአያቴን ከነአባታቸው አገኘሁት። ሸሁ ቀና ብለው አዩኝና «ሴት ልጃቸው እኮ እዚህ ነው የኖረችው» አሉ።

አክስቴ አልጠፋችም ነበር። ሰው ቤት አድጋ፣ አግብታ፣ አምስት ወልዳ፣ እኔ ከመድረሴ ሁለት ዓመት በፊት አርፋለች። ታላቋ ልጇ ቡና እያፈላች «እማ ወንድሟን ሞቷል ብላ በየረመዷኑ ሰደቃ ታወጣለት ነበር» አለችኝ። ያኔ አባቴ ኪራሙ ላይ በሕይወት ነበር። እህትም ወንድምም በሕይወት እያሉ አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ ኖረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምድና እንድንቀጥልበት የዘር ሐረጋችንን እንድናውቅ ማዘዛቸውን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። ደብዳቤ እንዲጻፍ አባቴን አንድ ቀን እንኳ አልጎተጎትኩትም።

እኛም ወለጋ ላይ ጽሑፍ የለንም እንዳትሉ። የነቀምት ገዢዎች የሞረዳና የኩምሳ ደብዳቤዎች በአሌሳንድሮ ትሪውልዚና በተሰማ ታአ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትመዋል። የቀድሞ የአካባቢው ሰዎች ልጆች ከዚያ ቢጀምሩ ደግ ነው።

ከመመለሴ በፊት ኮምቦልቻ ወርደን ሁሉንም ወረቀት ፎቶ ኮፒ አስነሳን፤ የኪታቡንም ገጽ። አንዱን ቅጂ ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋት። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በኪራሙ በደረሰው ግጭት ከተፈናቀሉት ብዙ ቤተሰቦች አንዱ የኛ ነው። በሌሊት ስንወጣ ልጆቹን እንጂ ሳጥኑን አላሰብንም። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ቅጂዋን በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የደረሰኙ ጠርዝ ተቆርጧል፤ የዓጀሙ ሁለት መስመር ግን ጥርት ብሎ ይነበባል።