የምጣድ ማሰሻው ጎመን ዘርና አውሮፕላኑ

በዚሁ በዓለም ባንክ አካባቢ ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ሰሞን፣ ስለ ነዳጅና ስለ አየር ብክለት አስተምሬ ስጨርስ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ መኪና በኤሌክትሪክ ከሄደ አውሮፕላንስ ለምን አይሄድም?» አለኝ። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አለፍኩት። ሳንዘጋጅ ስንጠየቅ ሁላችንም የምንሸሸግባት ቃል ናት! ፈልጌ ያገኘሁትን ለናንተም ላካፍላችሁ።

ነገሩ የክብደት ነው። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ 43 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይይዛል፤ የዛሬ መኪና ባትሪ ግን በኪሎ 1 ሜጋ ጁል ቢይዝ ነው። ሞተሩ ከነዳጁ ኃይል ብዙውን በሙቀት መልክ ቢያባክነውም እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ ነዳጅ እየተቃጠለ ሲሄድ አውሮፕላኑ ይቀለዋል፤ ባትሪ ግን ባዶም ሆነ ሙሉ ክብደቱ ያው ነው።

መሬት ላይ ግን ሌላ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ስለሚገኝ፣ ለታክሲና ለቤት መኪና ባትሪው ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸውም ይታወቃል። ከዚያ በፊት የተሞከረው መንገድ ኤታኖል ነበር። ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ፣ ተጠምቆ በ2001 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ቤንዚን 5 በመቶ፣ በ2003 ደግሞ 10 በመቶ ይቀላቀል ጀመር። በኋላ አቅርቦቱ አነሰና ሥራው ተስተጓጎለ። ኤታኖል በሊትር ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ኃይል ብቻ ስላለው፣ እንዳለ ለጄት አይሆንም።

ለጄት የሚሆነው ዘይት ነው። እዚህ ላይ ነው የኛ ጎመን ዘር የሚመጣው፤ ሊቃውንቱ ብራሲካ ካሪናታ የሚሉት፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት! ከዘሩ የተጨመቀው ዘይት በሃይድሮጂን ታክሞ ኦክስጅኑ ይወጣለታል፤ ረዥሙ የካርቦን ሰንሰለት ተቆራርጦ ከጄት ነዳጅ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ አንድ ጄት ምንም የማዕድን ነዳጅ ሳይቀላቀልበት በዚሁ ዘይት በረረ። በ2018 ደግሞ አንድ የአውስትራሊያ መንገደኛ አውሮፕላን 10 በመቶ ቀላቅሎ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ገባ። ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው፤ ማዳበሪያው፣ ትራክተሩና ፋብሪካው የሚጨምሩት ግን ስላለ «ከካርቦን ነፃ» ማለት ስሕተት ነው።

በማግስቱ ጎመን ዘር ይዤ ገባሁ። ልጆቹ ወረቀት ላይ ጨፍልቀው የዘይቱን ምልክት አዩ። አንዲት ልጅ ታዲያ፣ «ሁሉም ለአውሮፕላን ከሄደ እናቴ ምጣዱን በምን ታሰሳለች?» አለች። ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። በኡራጓይ ካሪናታን የሚዘሩት ዋናው ሰብል ከተነሣ በኋላ፣ በክረምት፣ ማሳው ባዶውን እንዳይከርም ነው። ጤፍ የሚበቅልበትን መሬት ወስዶ ወይም ደን ተመንጥሮ ቢዘራ ግን፣ ከዛፉና ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ብቻውን የብዙ ዓመት ቁጠባ ይበላል።